ስኳሬ 94 ሆነ፤ ታዲያ በሽታው የት ሄደ?

ለዚህ ወር ያዘጋጀሁት ስለ ልጆች የምሳ ዕቃ ነበር። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ‘ዛሬ ደግሞ ምን ልቋጥርላቸው?’ የሚለው ጥያቄ የማያስጨንቀው ቤት የለምና። እሱን ግን ለሚቀጥለው ወር አቆየሁት። ምክንያቱም ነሐሴ ላይ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደውሎ “94!” አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ምኑ ነው 94?” አልኩት።

“ስኳሬ ነዋ! ትናንት 98፣ ከትናንት ወዲያ 101። የሌላ ሰው ደም ነው ያነበቡት ብዬሽ አልነበረም?”

ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኝ ነው እንጂ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ወንድም ጋሼ 54 ዓመቱ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ከወንበር አይነሳም። ግንቦት ላይ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ሲያስደርግ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩ 168 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ውሃ ጥም የለበት፣ ሌሊት ለሽንት አይነሳ፣ አልከሳ። ሐኪሟ ምንም ምልክት የሌለውን ሰው በአንድ ውጤት ብቻ ‘ስኳር አለብህ’ ማለት እንደማይገባ ነግራው በሳምንቱ አስደገመችው። 172 ሆነ። ብዙዎቻችን ‘የሦስት ወር ስኳር’ የምንለው የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራ ደግሞ 8.2 በመቶ መጣ። ለማነጻጸር እንዲረዳዎ፣ በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የሦስት ወሩ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የስኳር ሕመም የሚባለው። ስለዚህ የሐኪሟ ውሳኔ የሚያወላዳ አልነበረም። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም። ሜትፎርሚን 500፣ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር።

ወንድም ጋሼ ደነገጠ። ሲደነግጥ ደግሞ እንደ ወታደር ነው። ቡናውን በሦስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣ የነበረው ሰውዬ በአንድ ቀን መራራ ጠጪ ሆነ። ከምሳው ጋር የማትቀረዋን ለስላሳ ተወ። ማታ ከሥራ ሲወጣ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በእግሩ መሄድ ጀመረ። ነሐሴ ሲገባ ሰባት ኪሎ ቀንሶ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጅቶ ነበር። እኛ እህትማማቾቹ ‘ሙሽራ መሰልክ’ እያልን እንስቅበት ነበር።

እንግዲህ 94 ያለችው መለኪያ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው ጉዳዩን ወደ እርስዎ ያመጣሁት። ፀጉር ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት እናት ጠይቀውኛል። የልጄ ጓደኛ አባት በወላጆች ስብሰባ ላይ ወደ ጥግ ወስደው ጠይቀውኛል። ‘ስኳር አለብህ ተብዬ ነበር፤ አሁን ስለካ ግን ልክ ነው። በሽታው ከመጀመሪያውም አልነበረም ማለት ነው? ወይስ ለቆኛል?’ ጥያቄው ውስጥ ተስፋ አለ፤ ተስፋው ደግሞ የውሸት አይደለም። ስለዚህ ‘ዝም ብለው መድኃኒትዎን ይዋጡ’ ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ከደስ የሚለው ልጀምር። ከምርመራው በኋላ የስኳሩ ቁጥር ቶሎ መውረዱ ብዙ ጊዜ የትክክለኛ ሥራ ውጤት ነው። የእንግሊዝ አገሩ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው 11 ሰዎች በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ብቻ እንዲመገቡ ተደረገ። በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸው ልክ ለመሆን የፈጀበት ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር። ምክንያቱ ጉበት ነው። ስንተኛና ስንጾም ለሰውነት ስኳር የሚያቀርበው ጉበት፣ ስብ ሲጫነው ‘በቃ’ የሚለውን የኢንሱሊን ትእዛዝ አይሰማም። ስለዚህ በባዶ ሆድም ስኳር ይረጫል። ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚራገፈው ይኸው የጉበት ስብ ነው። ሜትፎርሚንም በዋናነት የሚሠራው እዚያው ጉበት ላይ ነው። የወንድም ጋሼ ሰባት ኪሎና መድኃኒቱ ተጋግዘው የሠሩት ይህን ነው።

ከዚያም አለፈ። እኚሁ ፕሮፌሰር ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ማይክ ሊን ጋር ሆነው ባካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ውጤቱ በወጣው ‘ዳይሬክት’ በተባለ ጥናት፣ ሕመሙ ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል ክብደታቸውን በብዛት እንዲቀንሱ ተደርጎ ነበር። ከዓመት በኋላ 46 በመቶው ያለ ምንም የስኳር መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ወለል በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ደግሞ 86 በመቶው። በሁለተኛው ዓመት ግን ያ 46 ወደ 36 በመቶ ወርዷል፤ ኪሎው ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳልና። በነገራችን ላይ ይህን አንብበው ነገ ጠዋት በገዛ እጅዎ 600 ካሎሪ እንዳይጀምሩ፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ‘ሪሚሽን’ ይሉታል። ‘ድኗል’ ብሎ የሚተረጉመው አለ፤ ለእኔ ‘አድፍጧል’ የሚለው ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተለያዩ አገሮች የስኳር ሐኪሞች ማኅበራት የተስማሙበት መለኪያም አለው፦ የስኳር መድኃኒት ካቆሙ ቢያንስ ሦስት ወር አልፎ፣ የሦስት ወሩ ምርመራ ከ6.5 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ልብ ይበሉ፣ መድኃኒት እየወሰዱ ያገኙት ልክ የሆነ ቁጥር መድኃኒቱ መሥራቱን እንጂ ሕመሙ መሄዱን አያሳይም። ጃንጥላ ይዞ ከዝናብ የወጣ ሰው አልረጠብኩምና ዝናቡ አልነበረም እንደማይል ሁሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለወንድም ጋሼ በስልክ ነገርኩት። ጃንጥላው ላይ ስደርስ ዝም አለ። የወንድሜን ዝምታ አርባ ምናምን ዓመት ስለማውቀው “መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው አይደል?” አልኩት።

ፍልሰታ ከገባች ጀምሮ አልወሰደም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ‘ከምግብ ጋር ተብያለሁ፤ ጠዋት አልበላም፤ ታዲያ በምን ልዋጠው?’ ብሎ ጀመረ። ከዚያ በየቀኑ ስኳሩን ሲለካ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ማታም የምትዋጠዋን ተዋት። ብልቃጧ የቴሌቪዥኑ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ሪሞቶች ጋር ናት። ለሚስቱም አልነገራት።

ልቆጣው ፈለግሁ፤ ግን 94 ማለቱን ምን ላድርገው? መድኃኒት አልወሰደም፣ ስኳሩ ልክ ነው። የያዘው ክርክር ቀላል አልነበረም። “መቼ ነው የምትለካው?” ስል ጠየቅሁት። “ስምንት ሰዓት፣ ጾሜን ከመፍታቴ በፊት።” ሁልጊዜ? “ሁልጊዜ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሰዓቱ ጽፌዋለሁ።” የሂሳብ ሠራተኛ ነው ብዬዎት የለ?

ምስጢሩ ያለው እዚህ ሰዓት ላይ ነው። ሰውነታችን ንጋት ላይ ሆርሞን እየለቀቀ ጉበትን ለቀኑ ሥራ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ብዙ የስኳር ታካሚዎች ገና ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚለኩት ከፍ ብሎ ያገኙታል። ከዚያ ሳይበሉ ከዋሉ ቁጥሩ ይወርዳል። ወንድም ጋሼ ከማታው ራት ጀምሮ አሥራ ስድስት ሰዓት ምንም ሳይቀምስ፣ በእግሩ ወዲያ ወዲህ ሲል ውሎ፣ በቀኑ ውስጥ ስኳሩ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ነበር ጣቱን የሚወጋው። ቤቱን ሌባ ይገባበት እንደሆነ ለማወቅ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ብቻ በር እንደሚያይ ሰው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ስኳር ኖሮብዎ መጾም ከፈለጉ፣ ፍልሰታም ይሁን ሁዳዴ ወይም ረመዳን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎንም የሃይማኖት አባትዎንም ያማክሩ። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል ይችላል፤ ለዚህም ነው በራስ መሳቢያ ውስጥ የማይከተተው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች ማውረዱ እምብዛም ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን በጾመ ሆድ ላይ ያዋርዱታል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታት፣ መደናበር ከመጣና መለኪያው ከ70 በታች ካለ ጾሙ ወዲያው ይቆማል፤ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና መለካት ነው።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት ሁላችንም እናታችን ቤት ነበርን። ዶሮው ወጥቷል፣ አይቡ አለ፣ እንጀራው ከሞሰቡ ትኩስ ትኩሱ ይነሳል። ወንድም ጋሼ በአሥራ አምስት ቀን ጾም ላይ ሰባት ኪሎውን አስቦ ራሱን ሊቆጣጠር ቢሞክርም እናቴ ፊት መቆጣጠር የሚባል ነገር የለም። ጉርሻ እምቢ ይባላል? ከእኔም ጎረሰ፣ ከእሷም ጎረሰ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሲጎርስ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ሲሞላው መለኪያውን ከኪሱ እንዲያወጣ ጠየቅሁት። እየሳቀ አወጣ። እጁን በሳሙና አስታጠብኩት፤ በደንብ አደረቀ፤ ወጋ።

223።

“እጄ ላይ ወጥ ነክቶኝ ነው” አለ። ታጠበ፤ ሌላ ጣቱን ወጋ። 217። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ከትከሻው በላይ ቁጥሩን አይታ “አባዬ፣ ይሄ ጥሩ ነው?” አለችው። አልመለሰላትም። እናቴ ከወጥ ቤት “ቡና ደርሷል!” አለች።

እውነቱ እንግዲህ ይህ ነበር። በባዶ ሆድ ልክ፣ ከምግብ በኋላ ከፍ ያለ። ብዙ ሰው በዚህ መሃል ነው የሚኖረው፤ ሳያውቀውም ዓመታት ይቆያል። የስኳር ታካሚ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ባለው፣ መብላት ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሲሆነው ደግሞ ከ180 በታች ቢሆን መልካም ነው ይባላል። ስኳር የሌለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ140 በታች ነው። ስለዚህ ልክ የሆነ ቁጥር ሲያገኙ መጀመሪያ ራስዎን የሚጠይቁት ‘ስንት ሰዓት ላይ ነው የለካሁት?’ የሚል ይሁን። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ በየሰዓቱ ይለኩ አልልም። ባሉዎት ስትሪፖች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰዓቱን እየቀያየሩ፣ ዛሬ ቁርስ ሳይበሉና ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ነገ ምሳን፣ ከነገ ወዲያ ራትን እንዲሁ በጥንድ በጥንድ ቢለኩ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከተለካ የወር መዝገብ ይልቅ ብዙ ይነግርዎታል።

እንጀራ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጠበቃ እንሆናለን። ‘ጥቁር ጤፍ ነው፣ ስኳር አይጨምርም’ ይባላል። ጤፍ ብረት አለው፣ ፋይበር አለው፣ ግሉተን የለውም፤ ሁሉም እውነት ነው። ግን እህል ነው፤ ተፈጭቶ፣ ቦክቶ፣ ተጋግሮ ሲበላ ወደ ስኳር ይለወጣል። መጠኑ ነው ቁም ነገሩ። አትክልቱንና ጥራጥሬውን አስቀድሞ፣ ዳቦውን ወይም ሩዙን መጨረሻ ላይ መብላት ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ከፍታ እንደሚቀንስ ይታወቃል። የእኛ ችግር እንጀራው ሳህንም ማንኪያም መሆኑ ነው! እኔ ቤት የሞከርነው፣ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ጎመንና ሰላጣ በሹካ መብላት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ‘ሆቴል መሰለ’ ብለው ሳቁ፤ አሁን ለምደውታል። ስለ አብሽና ስለ ሽፈራው የሚጠይቁኝም ብዙ ናችሁ። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ለዚሁም ነው መድኃኒት ላይ ደርበው ሲጠጡት ሐኪምዎ ማወቅ ያለበት። የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተካም።

አሁን ወደ መለኪያዋ ልመለስ፤ እሷም ብትሆን ከሐሜት አታመልጥም። ጥራቷ የተመሰከረላት የቤት መለኪያ እንኳ ከላቦራቶሪው ውጤት እስከ 15 በመቶ ያህል ወዲያ ወዲህ ብትል እንደ ስህተት አይቆጠርባትም። ላቦራቶሪው 126 ያለውን እሷ 110 ልትለው ትችላለች። ሕመም አለ ወይም የለም ብሎ የሚፈርደው ላቦራቶሪው የሆነው ለዚህ ነው። ስትሪፑ ደግሞ እንደ ቅመም ነው፤ ክዳኑ ክፍት ከዋለ፣ እንፋሎት ያለበት ወጥ ቤት ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ ጊዜውም ያልፍበታል። ብርቱካን ልጠው እጅዎን ሳይታጠቡ ከወጉ የሚለኩት የብርቱካኑን ስኳር ነው። ሌላው፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። አንዳንድ መለኪያዎች በከፍታ ቦታ በደንብ አይሠሩም። እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ የእርስዎን አውጥተው ይዩት። ቀላሉ ማረጋገጫ ግን ላቦራቶሪ በሚሄዱበት ቀን መለኪያዎን ይዘው ሄደው፣ ደም ሲሰጡ እዚያው ጣትዎን ወግተው ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ነው።

ፀጉር ቤት ያገኘኋቸው እናት ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ልጃቸው ከስዊድን መለኪያ ልካላቸው ‘11 ነው የሚለው፤ ወርዶብኝ ይሆን እንዴ?’ ብለው ሻይ በስኳር ይጠጡ ነበር። ስዊድንም፣ ብሪታንያም፣ ካናዳም የሚለኩት በሚሊሞል በሊትር ነው። ያንን በ18 ሲያባዙት ነው እኛ የምናውቀው ቁጥር የሚመጣው። የእሳቸው 11 ማለት 198 ነበር። ከአሜሪካ የሚመጣው እንደ እኛው በሚሊግራም ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድዎ መለኪያ ሊልክልዎ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ስትሪፑም እዚህ መድኃኒት ቤት የሚገኝ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ከወር በኋላ የመሳቢያ ጌጥ ነው የምትሆነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ራሱ ያልሆነ ነገር ሊያሳይ አይችልም ወይ? ይችላል፤ ወንድም ጋሼን አልረዳውም እንጂ። ሰው በብርቱ ኢንፌክሽን ሲያዝ፣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ወይም ለአስምና ለመገጣጠሚያ ሕመም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያሉ መድኃኒቶችን ሲወስድ ስኳሩ ለጊዜው ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ ሲያልፍ ወይም መድኃኒቱ ሲያበቃ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ላይ ከሆነ ስኳር አለብዎ የተባሉት፣ ለሐኪምዎ ያስታውሱና ምርመራው ይደገም። እንዲያም ሆኖ ሰውነትዎ በጭንቅ ሰዓት ስኳሩን መቆጣጠር እንዳቃተው አሳይቷልና በየዓመቱ መታየቱ አይቅርብዎ። የሦስት ወሩ ምርመራም የሚያነበው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው። የሴሉ ዕድሜ 120 ቀን ገደማ ነው። በብረት እጥረት ደም ያነሳት ሴት ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ሊልባት ይችላል። በቅርቡ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ደግሞ ዝቅ ሊልለት ይችላል። ደም ማነስ ካለብዎ ይህንን ሳይናገሩ አይውጡ።

ወንድም ጋሼ ጳጉሜን ላይ ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። ማስታወሻ ደብተሩን፣ 223ቱንም ጭምር፣ ይዞ ሄደ። መድኃኒቱን ማቆሙንም ራሱ ተናገረ፤ ሚስቱ አብራው ስለነበረች እሷም የሰማችው እዚያው ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ 6.9 በመቶ ሆነ። ከ8.2 ወደ 6.9! ሐኪሟ ጨበጠችው። ከዚያ ወረቀት አውጥታ አሰላችለት፦ 6.9 ማለት በአማካይ 151 አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ 94 ላይ ቢሆን ኖሮ የሦስት ወሩ 5 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። እርግጥ ሰኔ ላይ የነበረው ከፍ ያለው ስኳር አሁንም በውስጡ አለበት። ቢሆንም ሂሳብ ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

መድኃኒቱ ተመለሰ። ስምምነታቸው ግን ደስ ይላል፤ ሌላ ስድስት ሰባት ኪሎ ከቀነሰና በሚቀጥሉት ሁለት ምርመራዎች ውጤቱ ከወረደ፣ መጠኑን ቀንሳ ቀስ በቀስ ስለ ማቆም ልታነጋግረው ቃል ገብታለታለች። ያ መንገድ አልተዘጋበትም።

የዓይን ምርመራው ነው ቤቱን ዝም ያሰኘው። ግንቦት ላይ ተጽፎለት ‘ዓይኔን ምን ሆንኩ?’ ብሎ ያላደረገው ነበር። አሁን ሲታይ በግራ ዓይኑ የኋላ ግድግዳ ላይ ጥቂት ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ተገኙ። ጅምር ነው፣ ሕክምና አያስፈልገውም፣ በየጊዜው ይታያል ተባለ። ማየቱ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ግን በሦስት ወር አይመጣም። ስኳሩ ሳይታወቅ ዓመታት አብሮት ኖሯል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በብሪታንያ ከአምስት ሺህ በላይ አዲስ ታካሚዎችን በተከታተለው ትልቅ ጥናትም፣ ግማሽ ያህሉ ሕመሙ በታወቀበት ዕለት ዓይናቸው፣ ነርቫቸው ወይም ሌላ አካላቸው ላይ ጉዳት ጀምሯቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስኳራቸውን በደንብ የተቆጣጠሩት ደግሞ ከዓመታት በኋላም ጥቅሙ ሲከተላቸው ታይቷል። እርስዎም ዓይነት 2 ስኳር እንዳለብዎ ከተነገረዎ መለኪያው ምንም ቢል የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራዎን ያድርጉ። እነዚህ በ94 አይሰረዙም።

“እሱን 94 የሚለውን ገጽ ልቅደደው?” አለኝ ባለፈው እሁድ። አትቅደደው አልኩት። የገዛ እግሩ ያመጣለት ቁጥር ነው። ከጎኑ ሰዓቱን ብቻ በቀይ ያክብበት።

ከዚያ መለኪያዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጋትና “በይ አንቺስ?” አለኝ። የአባታችን ታላቅ ወንድም በስኳር ነው ያረፉት፤ አሁን ደግሞ ወንድሜ። ስለ ሌላው ሰው ስኳር ስጽፍ ዓመታት ቢያልፉኝም የራሴን የለካሁት የመጨረሻ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ ነው፤ ልጁ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል። በማግስቱ ጠዋት፣ ቡና ሳልቀምስ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ ወጋሁ።

112።

ላቦራቶሪ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ። ወንድም ጋሼ በመኪና አላደርስሽም፣ በእግራችን ነው የምንሄደው ብሏል።